ስድቡ በአደባባይ፣ ይቅርታው በጓዳ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት መምህርትና የአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አባት ተቀምጠው ነበር።

«መምህርት፣ ልጄ እኮ የዚያችን የክፍሉን ልጅ ፎቶ ከፌስቡክ አጥፍቶታል።»

«ካየው ሰው ልብ ግን አልጠፋም፣ ጋሼ። የወንድሟን ጫማ አድርጋ መጣች ብሎ አሳቀባት። ይኸው ሳምንት ሆናት፣ ከትምህርት ቤት ቀርታለች።»

«ወስጄው አባቷ ጉልበት ላይ ወድቋል። ይቅር ብለውታል።»

«ማን አየ?»

«እኛው ነና፣ በጓዳ።»

«ስድቡንስ ስንት ሰው አየው?»

«አገር ምድሩ። ደብረ ኤልያስ ያለችው እህቴ ሳትቀር ደውላልኛለች።»

«እንግዲያው ይቅርታውንም እህትዎ ታንብበው። እዚያው ፌስቡክ ላይ ይጻፈው። መጀመሪያ ግን ልጅቱን እንጠይቃለን፤ አልፈልግም ካለች ይቀራል።»

«ደግሞ በሱ ቢስቁበትስ?»

«ክፍል ውስጥ የማስተምረው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ አትሳቁ፣ ለሌላ አታስተላልፉ፣ ለትልቅ ሰው አሳዩ እላቸዋለሁ።»

አባትዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱስ ከመለጠፉ በፊት አሳይቶ ነበር።»

«ለማን?»

«ለኔ። ስቄ ስልኩን መለስኩለት።»

«ነግሮኛል። ከእርስዎ አፍ እስክሰማው ነበር የጠበቅሁት።»

«እንግዲያው ከይቅርታው ስር የኔም ስም ይግባ። ልጁን ብቻውን አላቆመውም። ግን እኔ ፌስቡክ የለኝም።»

«ልጅዎ ይጽፍልዎታል፤ እጁ ፈጣን ነው።»

ከኋላቸው እየሰማሁ ለአባትዬው መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ የመጣሁትን የቁጣ ቃል ሳልናገረው አምበር ወረድኩ።