ሼህ ሁመድ ዳጉ ነፈጉኝ
ሰመራ ሆኜ፣ ለማንም ሳልቀጠር ዜና እጽፋለሁ። አንዲት የአዲስ አበባ ሴት «ውጭ አገር ካለ የጥቁሮች ሚዲያ ጋር ላገናኝህ፤ የራሳችን ሰዎች ናቸው፣ እንደ ነጮቹ ረሃብ ብቻ አምጣ አይሉህም» አለችኝ። አፋምቦ ስሄድ ሼህ ሁመድ የሚባሉ ሽማግሌ ዳጉ ሰጡኝ፤ ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚነጋገሩበት ወግ ነው። «አዋሽ ሞልቶ ግጦሻችንን ዋጠው» አሉኝ። እንዳሉት ጽፌ፣ ካነሣኋቸው ፎቶ ጋር ላክሁላት።

ሲወጣ ግን ከፎቷቸው ሥር «ድርቅ የፈጃቸው» ይላል! ደወልኩላት። «ጎርፍ ማን ያነብልሃል? አስተካከልኩልህ» አትለኝም! «ውሸታም አደረግሽኝ እንጂ ምን አስተካከልሽ!» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ምን ዋጋ አለው፤ ጽሑፉ በሰው ስልክ አፋምቦ ደርሶ ኖሯል። ሼህ ሁመድን ገበያ ሳገኛቸው ሰላምታዬን ተቀበሉ። እንደ ወጉ ለዳጉ ቁጭ ስል ግን ተነሡ። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ለአንተ ሰላምታ እንጂ ዳጉ የለኝም» ብለውኝ ሄዱ።