ሲሶው ተመላሽ

አያ ቢያዝን ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ከእንፍራንዝ እስከ ጎንደር የመጡት ናፍጣ ፍለጋ ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተራቸው ናፍጣ አጥቶ ከቆመ ሰንብቷል፤ ሽንኩርታቸውም ጫፉ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ሽንኩርቱ ከደረቀ ልጃቸው ቻላቸው ለጥጥ ለቀማ መተማ ቆላ መውረዱ ነው። አምና ከዚያ የተመለሰው በወባ እየተንቀጠቀጠ፣ በሰው ትከሻ ነበር። አባት ይህን ዳግመኛ ለማየት አንጀት የላቸውም።

ነዳጅ ማደያው ወረፋ መሀል ፀደይ አገኘቻቸው። የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ አሁን የመስኖ ባለሙያ ሆናለች። ጉልበት ስማ፣ የቤተ ሰቡን ጤና ጠይቃ ስታበቃ፣ ለገበሬ በወጣው የሶላር ፓምፕ ማበረታቻ ምነው እንዳልተጠቀሙ ጠየቀቻቸው።

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። የቀበሌው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰብስቦን ‹ሲሶው ተመላሽ ነው› ብሎናል። እኔ አባቴ ለባለመሬቱ ሲሶ ሲሰፍር እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በገዛ ሽንኩርቴ ሲሶ አልገብርም።»

ፀደይ ሳቋ መጣ፣ ወዲያውም አዘነች። የቢሮ ሰው ቃሉን እንደ ተጻፈለት ወርውሮ ይሄዳል፤ ገበሬው ደግሞ በአባቱ ቁስል ይተረጉመዋል። በዚህ መካከል ስንት ማሳ ደርቋል።

«አያ፣ ሲሶው የሚመለሰው ለእርስዎ ነው» አለች። «ፓምፑን ያለ ቀረጥ ይገዛሉ። ተተክሎ ውሃ መሳቡን ባለሙያ መጥቶ ሲያይ፣ ከከፈሉት ዋጋ ሲሶው ተመልሶ በስምዎ ባንክ ይገባል።»

«ብድር በምድር ሲባል አልሰማሽም? እኔ ዛሬ የተቀበልሁትን ነገ ቻላቸው ይከፍለዋል።»

ይህን እያሉ ተራቸው ደረሰ። ቀጂው ጀሪካኑን ሞልቶ የብራቸውን መልስ ሰጣቸውና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አያ፣ ያቺን ብር ለቀጂው መቼ ነው የሚመልሱለት?»

«ምነው? መልሴ አይደለች? ከሰጠሁት የተረፈች የራሴ ገንዘብ ናት።»

«እንግዲያው ሲሶውም መልስዎ ነው።»

አያ ቢያዝን እጃቸው ኪሳቸው ላይ እንዳለ ሳቁ፤ ኋላቸው የተሰለፈው ሰው ግራ እስኪገባው ድረስ ሳቁ። ግን በአንድ ቃል የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሰማዩ ሲደምንስ አሉ፤ መንግሥትስ ምን አግኝቶ ይለግሳል አሉ። ፀደይ ናፍጣ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ እንደሚገዛ፣ ፀሐይ ግን ደጃችን እንደምትወጣ፣ ገበሬው ከናፍጣ ሲላቀቅ አገሩም እንደሚተርፍ አስረዳቻቸው።

«ስለ ደመናው አያስቡ። በክረምት የሚያጠጣልዎ እግዜር ነው። በበጋ ፀሐይ ስትበረታ ሽንኩርቱም የሚጠማው፣ ፓምፑም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው።»

«ይህስ ሸጋ ነገር ነው» አሉ ሽማግሌው፤ መረታታቸው ነበር።

ያች ጀሪካን ናፍጣ ሽንኩርቱን ነፍስ አቆየችለት። አያ ቢያዝን ወይፈናቸውን ሸጠው፣ ካጠራቀሙት ብር ጨምረው ፓምፑን አስተከሉ፤ ባለሙያው አይቶ በሄደ በወሩ ሲሶው ባንክ ገባላቸው፤ በዚያው ሌላ ወይፈን ገዙ። ከቅዳሴ በኋላም ጎረቤቶቻቸውን አስቁመው እንዲህ አሉ፦

«ሲሶው የሚመለሰው ለእኛ ነው። የሸማች መልስ ማለት ነው፤ እኔ ሳይገባኝ ማሳዬን ላደርቀው ነበር። አሁን ለናፍጣ ስል ጎንደር ስመላለስ አልውልም፤ ሞተር አይጮህብኝም፤ አምና ጦሙን ያደረውን መደብ ሁሉ አጠጣዋለሁ። የምትጠራጠሩ መጥታችሁ እዩ።»

ሰዉ ሊያይ በመጣበት ቀን የመተማ ሠራተኛ የሚጭነው አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ከመንገዱ ዳር ቆመ። ቻላቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ውሃውን ወደ ሌላው መደብ ይመራ ነበር።

«ሂዱ፣ እኔ ሥራ ይዣለሁ» አላቸው መኪናው ላይ ላሉት።

መኪናው ሄደ። አያ ቢያዝን በጎረቤት ፊት አለቀሱ፤ አላፈሩበትም።