የእንየው መስክ ከማረሻ እንደ ተረፈ

በስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ማዶ ባለ መንደር፣ እንየው የሚባሉ ከብት ወዳድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ከአባታቸው በወረሱት ተዳፋት መስክ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያረቡ ኖረዋል። ዳሩ ግን ሣሩ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ፤ ጎርፍም መስኩን መካከሉ ላይ ሰንጥቆ ቦረቦር አወጣበት። ባለፈው ክረምት አንዲት ጊደር እዚያ ገብታ ሞተች። ታላቁ ልጃቸው አገኘሁ «አባባ፣ ከብቱ ይሸጥና መስኩን ከወንድሞቼ ጋር ተካፍለን እንረሰው» እያለ ይወተውታቸው ጀመር። ብዙ ጊዜ እምቢ ካሉ በኋላ ልባቸው ደከመ። በሰኔ መባቻ አንድ ማለዳ መንጋቸውን እየነዱ ወደ ወገዳ ገበያ ወጡ።

ጉም ምድሩን ሁሉ ውጦት ነበር። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ከፊት የሚሄዱት ላሞች ከዓይን ተሰወሩ፤ ትንፋሻቸውና ኮቴያቸው ብቻ ይሰማል። ሽማግሌው ነቅተው ሳሉ ሕልም የሚያዩ መሰላቸው። ሙት አባታቸው ከወዲያ ሆነው ላሞቹን በየስማቸው የሚጠሩ መስሏቸው ቀጥ አሉ።

«አያ እንየው፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል። ጉሙ እስኪገፈፍ አረፍ ይበሉ» አለ አንድ የሴት ድምፅ።

የጎረቤታቸው የየኔነሽ ልጅ ልዕልት ነበረች። ስለ ከብት እርባታ ተምራ ንፋስ መውጫ ትሠራለች፤ እናቷን ልትጠይቅ መምጣቷ ነው። ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ወዴት ይነዷቸዋል?»

«ለገበያ፣ ልጄ። መስኩ እንደ እኔው አርጅቷል።»

«መስኩ ዕረፍት አጥቶ ነው እንጂ ገና ብዙ ዘመን አለው።»

«ዕረፍት? አባቴ ከብቱን ሲለቅበት ኖረ። ማን አሳርፎት ያውቃል?»

«በአባትዎ ዘመን ሰውም ከብትም ጥቂት ነበር። ሣሩ ከተጋጠ በኋላ ለማቆጥቆጥ ፋታ ያገኝ ነበር። ዛሬ ገና ብቅ ሲል ይነጫል። ሥሩ ሲሞት አፈሩን የሚይዘው የለም። በዐቢይ ጾም ወተቱ ለጥጃው ይተርፋል፤ ጥጃውም ይፋፋል። የሣሩ ሥርም እንዲሁ የምንተውለት ወራት ያስፈልገዋል።»

እንየው ፈገግ አሉ፤ ግን አላመኑም። ሰው የለመደውን ሲነቅፉበት የአባቱን ስም የነቀፉበት ያህል ይከፋዋልና።

«ንግግሩስ ያምራል። ከብቱ እስከዚያ ምን ይብላ?»

«ሣሩ እስኪደርስ በጭድ ይቆያል፤ ሲደርስ እየታጨደ ከበረት ይቀርብለታል።»

«እኔ የእኔን ባስር የጎረቤት ከብት ይግጠዋል። ለሌላ ሰው አጥር ማጠር ነው።»

«እውነትዎን ነው፤ ብቻዎን አይችሉትም። መንደሩ ተስማምቶ ደንብ ያውጣ፤ የደብራችን ካህን አባ ወልደ ሰንበትም ይገዝቱበት። የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል፤ አልዋሽዎትም። ስለዚህ ሰንጋዎቹንና መካኖቹን ይሽጡ፤ የሚታለቡትን ግን ይመልሷቸው።»

እንየው ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙት። «ልጆቼስ? መስክ ታቅፌ ልጆቼ ይራቡ?»

ልዕልት በጣቷ አፈሩ ላይ መስመር ጫረች። «ቢካፈሉት የእያንዳንዳቸው ድርሻ ጥማድ በሬ አያዞርም። ተዳፋት ስለሆነ ለጥቂት ክረምት ገብስ ያበቅልና ድንጋዩ ይወጣል። ያን ጊዜ ገብሱም ሣሩም የለም፤ ማረሻ የሚስበው በሬም የለም። ሳይከፋፈል ቢቆይ ግን ሁሉም ያጭዱታል፤ ልጆቻቸውም ያጭዱታል።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈን ቢያደርጉ መስኩ በልጅነታቸው እንደ ነበረ ታያቸው፤ ነፋስ ሲመጣ ሣሩ እንደ ውኃ ይተኛል፣ ይነሣል። ሲገልጡ ጉሙ ሳስቷል። ዳለቻ የሚሏት ላም ከአጠገባቸው ቆማ ደረቅ ቁጥቋጦ ታኝካለች፤ ጎድኖቿ ይቆጠራሉ።

«እንግዲያው ሰንጋዎቹንና መካኖቹን ብቻ ልሽጥ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺም እስከ እሑድ ቆዪ። ለእኔ ያልሽውን ለሰዉ ትነግሪልኛለሽ።»

አገኘሁ ላሞቹ መመለሳቸውን ሲያይ አባቱን አኩርፎ ሰነበተ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ሥር ክርክሩ ከረረ፤ አንዳንዱ ልዕልትን «ከብታችንን ልታስጨርስ መጣች» አላት። ነገሩን ያበረዱት እንየው ናቸው። «በእኔ መስክ ይጀመር። ከከፋም በእኔ ይክፋ» አሉ። አባ ወልደ ሰንበት ገዘቱ፤ መስኩ እንዳይጋጥ፣ እንዳይታረስ፣ እንዳይከፋፈልም ደንብ ወጣ። መንደሩ ቦረቦሩን በድንጋይ ከተረ፤ ተዳፋቱንም በእርከን አሰረ። በተከታዩ በጋ ጭድ አለቀና እንየው ዳለቻን ሸጡ። ከገበያ ሲመለሱ ባዶ ገመዷን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ግን ምድሪቱ በዝግታ፣ እንደሚነቃ ሰው፣ ነፍስ ዘራች። ቦረቦሩን ደለል ሞላው። ግርጌው ላይ ደርቆ የነበረው ምንጭ በጋውን ሙሉ ይፈልቅ ጀመር። የቀሩት ጥቂት ላሞች ከቀድሞው መንጋ የበለጠ ወተት ሰጡ፤ ከበረት የሚጠረገው ፍግ የገብሱን ማሳ አወፈረው፤ ከብት ጥበቃ ይውሉ የነበሩ ልጆችም ትምህርት ቤት ገቡ። የመንደሩ ሌሎች መስኮችም ተራ በተራ ከግጦሽ ተከለከሉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ የኅዳር ቀትር አባትና ልጅ ሣር ሲያጭዱ አገኘሁ ቀና አለ።

«አባባ፣ የዚያን ቀን ባይመለሱ ኖሮ አርሼው ነበር።»

«እኔም አስረክቤህ ነበር» አሉ እንየው። «ነገ ልጅህ ልረሰው ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

አገኘሁ ነዶውን አሰረ፤ ትከሻው ላይም አወጣው። «ማጭድ እሰጠዋለሁ» አለ።