ድምፅ ማጉያው ከተሰበረ በኋላ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሰብለወርቅ ሀብተወልድ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የማንበቢያ ቤት ኃላፊ
አድራሻ፦ ሸገር ከተማ፣ ሰበታ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ጂሬኛ ሌንጮ
ምስክሯ ቃላቸውን በአማርኛ መስጠት እንደሚፈልጉ ገልጸዋል።

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው ምስክር፣ የሰፈራችን ነዋሪዎች ተባብረው በሠሩት ማንበቢያ ቤት በኃላፊነት እሠራለሁ። ከማንበቢያው ጋር የተያያዘ አዳራሽ አለ፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ማንም ተመዝግቦ ንግግር ያደርግበታል፣ ሰው ይጠይቀዋል። ተጠርጣሪውን ዮፍታሔ እስራኤልን አውቀዋለሁ። ዝምድናም ሆነ ጠብ የለንም።

የተዋወቅነው ባለፈው ክረምት ነው። “አንድ ቃል” የሚባል የወጣቶች ስብስብ አቋቁሞ አዳራሹን ሊጠይቅ መጣ። ከኮሚቴያችን አንዳንዶቹ ንግግሩ ከረር ይላል ብለው ሲያቅማሙ፣ “ሐሳቤን ስለፈራችሁት ነው የምትከለክሉኝ? የመናገር መብት ለእናንተ ብቻ ነው?” ብሎ ጠየቀ። ያነሳው ጥያቄ ትክክል ስለነበረ እኔ ተከራክሬለት ተፈቀደለት። ዛሬም ቢሆን መፈቀዱ አይቆጨኝም። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ስለ አገር ክብር ሲናገር ሥራ አጥተው የሚውሉ ልጆች ቀና ብለው ሲወጡ አይቻለሁ።

ከመስከረም ወዲህ ግን ንግግሩ ተለወጠ። “አገር ታማለች፤ በታመመ ሰው ራስጌ ክርክር አይደረግም” ይል ጀመር። በሌላ እሁድ የተናገሩ ሰዎችን ስም እየጠራ “የውስጥ ባዕዳን” ይላቸዋል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቢሮዬ መጥቶ፣ ከእንግዲህ በአዳራሹ የሚናገር ሁሉ የሚናገረውን አስቀድሞ ለስብስቡ እንዲያሳይ ጠየቀኝ።

እኔም “ዮፍታሔ፣ አንተ ስትናገር ማን አስቀድሞ አየብህ?” አልኩት።

“እኔ የምናገረው ስለ አገር ነው” አለኝ።

“ሌላው ሰው ስለ ምን የሚናገር መሰለህ?” ስለው በሩን ወርውሮ ወጣ።

ኅዳር 1 ቀን እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ቡራዩ የሚኖሩት ጡረተኛ የታሪክ መምህር አቶ ፍቅረሥላሴ ተጋብዘው መድረክ ላይ ነበሩ። ርዕሳቸው ፋሺስቶች አገር መውደድንና የመናገር ነፃነትን ምን እንዳደረጓቸው ነበር። የኢጣሊያ ፋሺስቶች ሥልጣን ሳይዙ እንደልባቸው በጋዜጣ ይጽፉ እንደነበር፣ ከያዙ በኋላ ግን የሌላውን ሰው ጋዜጣ እንደዘጉ፣ የሚቃወማቸውንም ሁሉ የአገር ጠላት ይሉት እንደነበር እያስረዱ ሳለ፣ ዮፍታሔ ግራጫ ካናቴራ የለበሱ ተከታዮቹን አስከትሎ ገባ።

“ይህ ሰው የሚያወራው ስለ እኛ ነው!” ብሎ ጮኸ።

አቶ ፍቅረሥላሴ “ልጄ፣ እኔ የምናገረው ከመቶ ዓመት በፊት ስለነበሩ ሰዎች ነው። ራስህን እዚያ ውስጥ ካየኸው ተቀመጥና እንነጋገርበት” አሉት።

ከተቀመጠው ሰው ጥቂቱ ሳቀ። ዮፍታሔ በዚህ ተናዶ መድረኩ ላይ ወጣ፤ ማይኩን ከእጃቸው ነጥቆ መሬት ላይ ከሰከሰው። ደረታቸውን ሲገፋቸው ወድቀው ግንባራቸው በጠረጴዛው ጠርዝ ተመታና ደማ። ከተከታዮቹ አንዱ፣ ስሙን የማላውቀው፣ ድምፅ ማጉያውን በወንበር ሰበረው። ከዚያ ዮፍታሔ ወደ ሕዝቡ ዞሮ “አገሩን የሚወድ ይህን አዳራሽ ለቅቆ ይውጣ!” አለ።

በር አካባቢ የነበሩ ሰዎች ተነሱ። ሁሉም የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ለፖሊስ የደወልኩት በዚህ ጊዜ ነው።

አቶ ፍቅረሥላሴ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። ግንባራቸውን በመሐረብ ይዘው ካቆሙበት ቀጠሉ። ድምፃቸው ግን ከፊተኛው ረድፍ አላለፈም። ፊት ተቀምጠው የነበሩት አዴ ደጊቱ፣ ከተጂ መንገድ በኩል ወተት እያመጡ የሚሸጡ እናት ናቸው፣ ብድግ ብለው ወደ ኋላ ዞሩና መምህሩ ያሉትን በኦሮምኛ ጮክ ብለው ደገሙት። መሐል ላይ አንዲት ሴት ተነስታ በአማርኛ ደገመችው። የኋለኞቹ ተቀብለው እስከ በሩ አደረሱት። መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ይጠብቃሉ፤ ቃሉ በሁለት ቋንቋ አዳራሹን ያዳርሳል፤ ደግሞ ይቀጥላሉ። ተነስተው የነበሩትም መልሰው ተቀመጡ። ግራጫ የለበሱት መፈክር ቢያሰሙም ማንም መልስ አልሰጣቸውም፤ ሰው የሚጠብቀው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ነበር።

ከግራጫ ለባሾቹ አንዱ፣ ሊቤ የሚባለው ወጣት፣ በሩን ይዞ ቆሞ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ኦቦ መገርሳ ጆሯቸው ስለሚከብድ የሊቤን እጅጌ ሳብ አድርገው “ማል ጄዴ? ምን አለ?” ብለው ጠየቁት። ሊቤ ወደ ዮፍታሔ አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ “አገሩን የሚወድ ሰው ስለ አገሩ ሲጠየቅ አይደነግጥም ነው የሚሉት፣ አባባ” አላቸው። ኦቦ መገርሳ አሁንም ስላልሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ይህን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ዮፍታሔ በአጠገቡ አልፎ ወጣ። ሊቤ አልተከተለውም። ፖሊስ ሲደርስ ኦቦ መገርሳ ጎን ተቀምጦ ቀጣዩን እየነገራቸው ነበር።

መርማሪው “አንድ ቃል” ከእንግዲህ አዳራሹን እንዳይጠቀም እፈልግ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ዮፍታሔን ሰው በመግፋቱና ንብረት በመስበሩ ሕግ ይጠይቀው እላለሁ። ለመናገር ከመጣ ግን እንደማንኛውም ሰው ተራ ይዞ ይናገር፤ ሲጨርስ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ይጠየቅ። እሱን ዝም በማሰኘት የምንጠብቀው አዳራሽ የእሱ ዓይነት አዳራሽ ነው የሚሆነው።

ትናንት እሁድ ኅዳር 8 ቀን ያለ ድምፅ ማጉያ ተሰብስበናል። ሰው ከበፊቱ በዝቶ መስኮት ላይ ሁሉ ተቀምጦ ነበር። ሊቤ ተራ ጠይቆ ተናገረ፤ ቤት ውስጥ ሥራ ፈት ከመባል “አንድ ቃል” ውስጥ ወታደር መባል ይሻለኝ ነበር አለ። ዮፍታሔ ከሚለው ዛሬም የማምንበት አለ ሲል አንዳንዶች አጉረመረሙ፤ አዴ ደጊቱ “ተዉት፣ ይጨርስ” አሉ። ግንባራቸው ላይ ፕላስተር የለጠፉት አቶ ፍቅረሥላሴ ፊት ተቀምጠው የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቁት፦ “የምታምንበትን አንድ ሰው ሐሰት ነው ቢልህ ምን ታደርገዋለህ?”

ሊቤ “አላውቅም። አስቤበት እመልሳለሁ” አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት።

ከዚህ በላይ የተናገርኩት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው፤ የጨመርኩት የለም፣ ማንም አላስገደደኝም። ቃሌ ተነቦልኝ፣ በአንድ ቦታ “አንድ ሁከተኛ ወጣት” ተብሎ የተጻፈው “ሊቤ” ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሞልኛል። ትክክል ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሰብለወርቅ ሀብተወልድ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ጂሬኛ ሌንጮ