ቴርሞስታቱን የቀየርሁ ለት

እናቴ አይከል ከተማ ታማ ተኝታ ጎንደር ሐኪም ቤት ላመጣት ነበር። ፒክ አፕ ማኪናዬ ግን ዳገት ባየች ቁጥር ታፈላለች። «ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ቴርሞስታት አልከፍት ብሎ ነው፤ ቀይረው» አሉኝ መካኒኮች። ግቢዬ ውስጥ አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ገጠምሁ። ዳገት ላይ ብሞክራት መልሳ አፈላች። ግራ ቢገባኝ በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ይሠሩ የነበሩትን ጎረቤቴን አያ ተገኘን ጠራሁ። አዲሱን አስፈቱኝና ሁለቱንም የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመሯቸው። ሁለቱም ተከፈቱ። «ሁለቱም ደህና ናቸው» አሉ። ይብስ ግራ ገባኝ። ታዲያ ምነው ታፈላለች?

አያ ተገኘ ጎንበስ ብለው በፊት ለፊቱ ፍርግርግ ውስጥ እጃቸውን ሰደዱና የብርድ ልብስ ቁራጭ ጎትተው አወጡ። ለካ ራዲያተሩን አየር ከልክሎት ኖሯል። «ይህን ማን አለበሳት?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ ከደጃፉ ቆማ፣ ቀስ ብላ። «ጠዋት ጠዋት ብርዱ ይዟት አልነሳ ስትልህ አሳዘነችኝ።»

ልቆጣት ብዬ ተውሁት። ሰሞኑን ጠዋት በአንድ ጊዜ ትነሳልኝ የነበረው በዚያ ብርድ ልብስ ነበራ። በማግስቱ ባለቤቴን ከጎኔ አስቀምጬ አይከል ሄድሁ፤ እናቴን ስናመጣት ማኪናዋ አንዴም አላፈላችም።