ከመንገድ ማዶ የመጣ ሰላምታ

አንድ አፍታ ስጡኝ፤ የማወጋችሁ ነገር ለዓይናችሁም ለጉርብትናችሁም ይበጃል። ለቡ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ስኖር የሚያናግረኝ ጎረቤት አልነበረኝም። አንድ ቀን ባለሱቋ እትዬ ዘነበች፣ «አንተ ልጅ፣ ከማዶ እጃችንን ስናነሳልህ ዝም ብለህ የምታልፈው ማንን ንቀህ ነው?» አሉኝ። «ኧረ እትዬ፣ ከሩቅ የሰው ፊት አይለይልኝም» አልኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ ቦታው ሳይደርስ እንደሚሰበሰብ፣ ውጭ አገር ግን ሌዘር በሚባል ጨረር የዓይንን የፊት ሽፋን በስሱ እየላጉ እንደሚያስተካክሉት፣ መነጽር ያላደረግኩትም እሱን ስጠብቅ እንደሆነ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ያ ጨረር ለቡ እስኪደርስ አንተ ቀባሪ ታጣለህ» አሉኝ።

ሄጄ ዓይኔን ተለካሁና መነጽር አደረግኩ። መጀመሪያ ያየሁት ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን የሚያዞሩ ጎረቤቶቼን ነው። ለካ ሰላምታቸውን ስለማልመልስ ተስፋ ቆርጠው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ቆሜ እጄን አነሳሁ። አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው ሌላ ሰው አለመኖሩን አዩና፣ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አነሱልኝ።

እናንተም ሌዘሩን ሳትጠብቁ ሂዱና ተለኩ። እስከዚያው ግን ከማዶ ለሚያልፍ ሁሉ፣ ማን እንደሆነ ባይለይላችሁም፣ እጅ ንሱ።