አያ እጅጉ ከውሃ ማኅበሩ ለመውጣት የተነሡ ዕለት

ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ ድረስ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር የማይነጋገረው ነገር የለም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ቡሬ መናኸሪያ፣ አያ እጅጉና መምህርት ትሕትና ጎን ለጎን የተቀመጡት እንዲያው በአጋጣሚ ነበር። አያ እጅጉ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ትሕትና ፍኖተ ሰላም ታሪክ ታስተምራለች። እርሷ የተማሪዎቿን ደብተር ጉልበቷ ላይ ከምራለች፤ እርሳቸው ደግሞ አንዲት የታጠፈች ማመልከቻ በኪሳቸው ይዘው፣ ትጠፋ ይመስል በየደቂቃው ይዳስሷታል።

ሾፌሩ ራዲዮኑን ከፍ አደረገ። ዜናው እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት የምታደርገው ድርድር የስምምነት ረቂቅ ላይ መድረሱን ሲናገር፣ አያ እጅጉ ጭናቸውን መታ አደረጉ።

«ይኸው፣ እንግሊዝ እንኳ ሰልችቷት ልትወጣ ነው» አሉ። ባለፈው ክረምት ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው ስለወለቁ ቃላቸው በክፍተቱ ፉጨት እየጨመረ ነበር የሚወጣው። «እኛ ብንወጣ ታዲያ ምን ይገርማል?»

ትሕትና ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «ከምን ሊወጡ ነው አባቴ?»

«ከውሃ ማኅበር ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእርሳቸው ላይኛው ጎጥና ታችኛው ጎጥ የሚጠጡት ከአንድ ወንዝ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሁለቱም ጎጦች በአንድ ቀን ወጥተው ወንዙን በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በጭቃ ይገድቡና ውሃውን ወደ ቦይ ይመልሱታል። ከዚያ ወዲያ «የውሃ አባት» ብለው የመረጡት ሰው ተራ እያወጣ ማሳቸውን ያጠጣል። የዘንድሮው የውሃ አባት ደረሰ የሚባል የታችኛው ጎጥ ሰው ነው። ከቦዩ ጫፍ ያለው የታችኛው ጎጥ መቅደሙ የጥንት ልማድ ነው፤ ውሃው በደጁ የሚያልፍ ሰው ምን ያስቸኩለዋል ብለው ይመስለኛል።

«ዘንድሮ ግን» አሉ አያ እጅጉ፣ «እኛ ከማለዳ ጀምረን እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ቆመን ድንጋይ ስንደረድር፣ የታች ሰዎች ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መጡ። መጀመሪያ ያጠጣውስ ማን ሆነ? እነሱው። ይኼ ደግ ነው? ስለዚህ ሃያ ሁለታችንም የላይ አባወራዎች ተማክረን ጨርሰናል። ዛሬ ማመልከቻዋን ፍኖተ ሰላም ለዞኑ ውሃ ጽሕፈት ቤት አስገባና አበቃ።»

«መከፋትዎስ አይፈረድበትም» አለች ትሕትና። «እንግሊዞቹም ያሉት ይህንኑ ነው። የሩቅ ሰው ሕግ ከሚያወጣልን የራሳችንን ነገር ራሳችን እንወስን አሉ። ይበጃቸው አይበጃቸው እኔ አልፈርድም፤ እዚያው አገሩ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ እየተሟገተበት ነው። ብቻ እንውጣ ብለው ድምፅ የሰጡት በአንድ ቀን ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ፣ እስካሁን አልወጡም።»

«ምን ያዛቸው?»

«ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ኖሩዋ። ዓሣ የሚያጠምዱበት ባሕር አለ፣ ዕቃ የሚያልፍበት ኬላ አለ፣ ማዶ ተሻግሮ የሚሠራው ሰው አለ። አንዱን ሲፈቱት ሌላው ይጠብቃል። አሁን በራዲዮ የሰማነው ረቂቅ ብቻውን ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው።»

አያ እጅጉ ኪሳቸውን ዳሰሱ። የእርሳቸው ማመልከቻ ግማሽ ገጽ ነበረች።

«ለመውጣት አምስት መቶ ገጽ» አሉ ቀስ ብለው። «ዳዊት እንኳ መቶ ሃምሳ መዝሙር ነው። እሱም የሚደገመው ገነት ለመግባት ነው።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። ትሕትና ግን የአስተማሪነት ነገር ሆኖባት ጨዋታውን መተው አልቻለችም።

«ከሁሉ የጠናባቸው የአየርላንድ ድንበር ነው» አለች። «ሰሜኑ በእንግሊዝ ሥር ነው፣ ደቡቡ ራሱን የቻለ አገር። ዛሬ ሰዉ ማንም ሳያስቆመው ወዲህና ወዲያ ይላል። ነገ አንደኛው ወገን ውጭ፣ ሌላኛው ውስጥ ሲሆን ዘመድ ወደ ዘመዱ እንዴት ይሻገር ብለው ተጨነቁ። እናንተስ ታች ጎጥ ዘመድ የላችሁም?»

አያ እጅጉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በመንገዱ ዳር በርበሬ ተሰጥቶ ቀልቷል፤ እርሳቸው ግን ያዩት አይመስለኝም።

«ልጄ ሰብሊ ታች ነው ያገባችው» አሉ በመጨረሻ። «ከቦዩ ጫፍ ላይ ድንች ተክላለች። እንወጣለን ካልን ወዲህ ቤቴን አልረገጠችውም፤ ሦስት እሑድ ሆናት። ጨክኛለሁ ብዬ ነበር። አልጨከንኩም ለካ፤ ቤቱ ያለ እሷ ጭር ብሎብኛል።»

ሌላ ተከራካሪ ቢሆን ረታሁ ብሎ እዚሁ ላይ በተኩራራ ነበር። ትሕትና የተንሸራተቱ ደብተሮቿን አስተካከለች። ይህ ደስ ብሏቸው ይሁን አበሳጭቷቸው እንጃ፣ አያ እጅጉ መልሰው ተነሡባት።

«አንቺስ የሚወጣውን ብቻ ነው የምትመክሪው? ሰው ሳይገፋ አይወጣም። ደረሰ የውሃ አባት ነኝ ካለ፣ ምን ሆናችሁ ብሎ አንድ ቀን ደጃችን መጥቶ ጠይቆናል?»

«እዚህ ላይ ረቱኝ አባቴ። መጠየቅ ነበረበት። እርስዎስ ለምን እንዳረፈዱ ጠይቀዋቸዋል?»

«ማን ይጠይቃቸዋል!»

«ለመሆኑ የግድቡን ቀን ማን ነበር የጠራቸው?»

«እኔ ነኛ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥሩምባ የምነፋው እኔ ነኝ። ከጉብታው ላይ ሆኜ ስነፋው እንኳን ታች ጎጥ፣ የወንዝ ማዶ ሰው ይነሣል።»

«ይነሣል» ያሉት በፉጨት ወጣ። ትሕትና አፋቸውን አየችና ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። ሽማግሌን ስለ ጥርሱ መናገር ያደገችበት ወግ አልነበረም።

«እንግዲያው ማመልከቻዋን ከማስገባትዎ በፊት አንድ ጧት ይንፉትና ሰብሊን ሰምታ እንደሆነ ይጠይቋት» አለች። «አንድ ቀን ቢቆይ ምን ይጎዳል?»

አያ እጅጉ ፍኖተ ሰላም ወርደው እስከ ጽሕፈት ቤቱ በር ሄዱ፤ በሩ ላይ ቆመው ኪሳቸውን ዳሰሱና ወደ መናኸሪያው ተመለሱ።

በማግሥቱ ጧት ጉብታው ላይ ወጥተው የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ነፉ። ከራሳቸው ጎጥ ሦስት ሰዎች ምን መጣ ብለው ብቅ አሉ። ቁልቁል ሲያዩ ሰብሊ ድንቿን ጎንበስ ብላ ትኮተኩታለች። ቀና አላለችም። ደግመው ነፉ። አሁንም ሰብሊ ቀና አላለችም፤ አጠገቧ የተኛው ውሻ እንኳ ጆሮውን አላነሣም። ያን ጊዜ አያ እጅጉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ተነሥተው ቁልቁለቱን ወረዱ።

«ልጄ፣ ጥሩምባ ሰማሽ?»

«የምን ጥሩምባ አባዬ?» አለች ሰብሊ። በእጃቸው የያዙትን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች።

«የግድቡ ቀንም አልሰማችሁም ማለት ነው?»

«አልሰማንም። ደረሰ ለሥራ ሲወጣ እናንተን ወንዙ ውስጥ አይቶ ቢነግረን ነው የተጠራራነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?»

«ጥርስዎ ወልቋል፣ ጥሩምባዎ አይሰማም ብሎ ማን ደፍሮ ይንገርዎት? ደረሰ አፈረ። እኔ ደግሞ ይከፉብኛል ብዬ ፈራሁ።»

አያ እጅጉ ጥርስ የወለቀበትን ድዳቸውን በጣታቸው ዳሰሱና ሳቃቸው ፈነዳ። «ሃያ ሁለት አባወራ በእኔ ድድ ምክንያት አገር ሊለቅ ነበር» አሉ። ሲስቁ እንባቸው መጣ፤ ሰብሊም ትከሻቸው ላይ ጥምጥም ብላ አብራ ሳቀች፣ አብራም አለቀሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሁለቱ ጎጦች ፊት ቆመው ያንኑ ሳይደብቁ ተናገሩ። ደረሰም ተነሥቶ «ምን ሆናችሁ ብዬ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በሉኝ» አለ። ማመልከቻዋ በዚያው ተቀደደች። ከዚያ በኋላ በላይም በታችም ጥርሱ የሞላ ጥሩምባ ነፊ ተሾመ፤ ያረፈደ ሰው ከመወቀሱ በፊት እንዲጠየቅ፣ ቅሬታ ያለውም የውሃ ተራ ከመውጣቱ በፊት እንዲሰማ ተስማሙ። በሚቀጥለው ዓመት ከሁለቱም ጎጥ ስልሳ ሰው በአንድ ጧት ተሰልፎ ግድቡ ከቀትር በፊት አለቀ። ሃያ ሁለቱ ብቻቸውን ቢወጡ ኖሮ እስከ ገና ውሃ ውስጥ ቆመው በቀሩ ነበር፤ ይህን ቆጥሮ ያወቀ ግን ማመልከቻዋ በተጻፈች ጊዜ አንድም አልነበረም። የሰብሊ ድንች አማረ። አንድ ጆንያው በሚኒባስ ተጭኖ ለመምህርት ትሕትና ፍኖተ ሰላም ደረሰ።

አያ እጅጉ ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ወሬ በራዲዮ ሲመጣ ሰዉን ሁሉ ዝም ያሰኛሉ። ሰው ምን ይመስልዎታል ብሎ የጠየቃቸው እንደሆነም መልሳቸው አንድ ነው።

«ይውጡም ይቅሩም እነሱ ያውቃሉ። ብቻ መጀመሪያ ጥሩምባ ነፊያቸው አፉን ከፍቶ ያሳያቸው።»